በሬ የተሸጠበት ወረቀት

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በሯ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል የተለጠፈባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ከተማው ውስጥ የትኛው መሥሪያ ቤት ሰው ሊቀጥር እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ከሰሌዳ ሰሌዳ መዞር አያስፈልገውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህች በር አጠገብ ቆሞ ወረፋውን ቢያይ ይበቃዋል።

«ክፍት ቦታ ሲወጣ ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው ይቺ ማሽን ናት» አለችኝ ባለቤቷ፣ የማሽኑን ክዳን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች። «ሦስት ልጅ ተከታትሎ የአካውንቲንግ ቴምፖ ይዞ ከመጣ፣ የሆነ ቦታ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ተፈልጓል ማለት ነው። አምስት ነርስ ከመጣ፣ ወይ ክሊኒክ ተከፍቷል ወይ ኤን ጂ ኦ ገብቷል።»

ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ወጪ በከፊል የመመለስ ግዴታ ስላለበት፣ የወጪ መጋራቱን ዕዳ ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ዋናው ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቀመጣል። ዕዳው የሚከፈለው ከደመወዝ ነው፤ ደመወዝ የሚገኘው ሲቀጠሩ ነው። ስለዚህ ብዙ ተመራቂ ለዓመታት ይዞ የሚዞረው ቴምፖውን ነው። ማጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ያወጣ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ አንዳንዱም በእናት ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የመጣ።

ባለቤቷ ራሷ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቴክኒክና ሙያ ገባች፤ የጽሕፈት ሥራ ተማረች። የማመልከቻው አጻጻፍ ኮምፒውተሯ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ «ጉዳዩ፡- ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ከሚለው በታች ስሙን፣ የተማረበትን ዘርፍና ጂፒኤውን ብቻ ትለዋውጣለች። ባለፈው አንድ የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመራቂ መጥቶ ማመልከቻውን እሷ ጻፈችለት። ሲያነበው «ሠራተኛ» የሚለው ቃል በእሳቱ «ሰ» መጻፉን አይቶ እንድታርም ለመናት፤ በንጉሡ «ሠ» አረመችለት። «የዚያን ዕለት አራት ዓመት የተማረው ለዚች ፊደል ነበር እንዴ ብዬ ከልቤ አዘንኩ» አለች። ቀልዷን ይሁን ቁም ነገሯን መለየት አልቻልኩም።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ። ወረፋው አልተበተነም፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ከዳባት የመጣ፣ ሌላ ክልል ካለ ዩኒቨርሲቲ በገጠር ልማት የተመረቀ ነው። የገበሬ ልጅ ገጠር ልማት ተምሮ ገጠር የሚያለማበት ቦታ አጣ። «እስካሁን ሥራ ፈት ነህ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የከበደኝ። ፈገግ አለና «እኔ መች ፈታሁት፤ እሱ ነው እንጂ የፈታኝ» አለኝ።

* * *

የተማረ ሰው የት ይሠራ ለሚለው ጥያቄ ጎንደር እንግዳ አይደለችም። እንዲያውም መልሱን አንድ ጊዜ በእጇ ይዛው ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው በስተደቡብ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባና በዙሪያው የወባ ወረርሽኝ ገባ። ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። ከዚያ እልቂት በኋላ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና «ፖይንት ፎር» በተባለው የአሜሪካ የዕርዳታ ፕሮግራም እየተደገፈ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይኸ ነው።

ኮሌጁን ልዩ ያደረገው የተነሣበት መንገድ ነው። መጀመሪያ የተቆጠረው ወንበር ነው፤ ተማሪ የተፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ያስፈልገዋል ተባለ። ሦስቱ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቡድን ሠለጠኑ። ከመመረቃቸው በፊት ገጠር ወርደው በአንድነት ሠሩ፤ ሲመረቁም ጤና ጣቢያው ይጠብቃቸው ነበር። የት እንደሚቀጠር የሚያስብ ተመራቂ አልነበረም። ሐሳቡ የትኛው በረሃ ይደርሰኝ ይሆን የሚል ነበር።

በደርግ ዘመንም ወንበሩ አልጠፋም፤ የጠፋው ምርጫው ነው። ተመራቂ የምደባ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ጋምቤላም ይሁን ኦጋዴን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ያ ምደባ ስንቱን ቤተሰብ እንደለያየ የዚያ ዘመን ሰዎች ይናገራሉ፤ ዛሬ በፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ተረት ሲነገረው ነው የሚሰማው። «ደብዳቤ? በነጻ?»

የምደባ ነገር ሲነሣ ግብፆችን ማንሣት ግድ ነው። የናስር መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ለመስጠት ቃል ገባ። ቃሉ ዩኒቨርሲቲዎቹን በተማሪ ሞላቸው። መሥሪያ ቤቶቹ በዚያው ልክ ስላላደጉ ግን የወረፋው ዘመን እየረዘመ ሄዶ በመጨረሻ ከአሥር ዓመት አለፈ። ዲግሪውን ይዞ አሥር ዓመት ወረፋ የጠበቀ የካይሮ ልጅና የእኛው ቴምፖ ለባጭ ቢገናኙ የሚያግባባቸው ነገር አያጡም።

የእኛው ነገር የተለየው በፍጥነቱ ነው። ደርግ ሲወድቅ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የጎንደሩ ኮሌጅ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከሕክምናው ግቢ ወጥቶ ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ፋሲል የተባሉትን ግቢዎች ሞላ። ኋላም ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በብርድ የምትታወቀው ደባርቅ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። በዚህ መሐል ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበር። 70 እና 30 ተብሎ የተከፈለው ተማሪው ነው። ወንበሩን ማን ቆጠረው?

ፍርዴ የከበደ እንዳይመስል አንድ ነገር ላንሣ። ዩኒቨርሲቲዎቹን ያበዛው መንግሥት በዚያው ዘመን ወንበር መቁጠር የሚያውቅበት አንድ ፕሮግራም ነበረው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ነው። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ያስፈልጋሉ ተባለ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት ያህል ሠልጥነው ወደየቀበሌያቸው ተመለሱ፤ ደመወዝ ተቆረጠላቸው። በጥቂት ዓመታት ከ30 ሺሕ በላይ ሆኑ። የእናትና የሕፃን ሞት ሲቀንስ የእነሱ እጅ እንዳለበት ብዙ ጥናት መስክሯል። ዳባት ውስጥ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየቤቱ እየዞሩ ልደትና ሞት የሚመዘግቡበት የጥናት ማዕከል አለው። መዝጋቢዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ሥራው አለ፤ ለሥራው የሚበቃ ትምህርት ተሰጠ፤ ሰዎቹ እየሠሩ ነው። ይህ ሥርዓት በእጃችን እያለ ነው ሌላውን መንገድ የመረጥነው።

አሁን ነገሩ ወደ ጤናው ግቢም ዞሯል። በቅርብ ዓመታት ጤና መኮንኖች ቀጥለውም ሐኪሞች ተመርቀው ቦታ አጥተው መቀመጥ ጀምረዋል። ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ «ዶክተር» ተብሎ እናቱ ቤት የተቀመጠ ሰው ጎንደር ውስጥ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። እጥረት ያለበት አገር ሐኪም ይተርፈዋል ማለት አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ሐኪም የሚፈልግ ቢሆንም የደመወዝ በጀት የለውም። ደምቢያ ላይ በወረርሽኙ ያለቀው ሕዝብ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

* * *

ወደ ዳባት የወጣሁት መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ነው። በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው ጥያቄ ከአየር ሁኔታ በፊት የሚጠየቅ ሆኗል። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ሚኒባሱ በገብስ ማሳ መሐል ሲወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ነጭ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች በመንገዱ ዳር ይወርዳሉ። ከሁለት መቀመጫ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ሥዕላዊ መግለጫ የሞላበት የባዮሎጂ መጽሐፍ ታነባለች፤ መኪናው ሲነጥር መጽሐፉም አብሮ ይነጥራል።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ አባት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው የሚኖሩት። ጠላ ቀረበልን። ልጁ አብሮኝ መጥቷል፤ በአባቱ ፊት ግን ብዙ አይናገርም። እሳቸው ናቸው የሚያወሩት።

ያላቸው አራት ጥማድ ነው፤ ወደ ሄክታር ብንለውጠው አንድ ገደማ። ልጆቻቸው አምስት። «ለአምስት ባካፍላቸው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የዶሮ መሮጫ ነው» አሉኝ። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ ማውረስ ይቻላል፣ በወረሱት ቁጥር ግን ይጠባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው የሚሸጠውን ሸጡ። ከጥንዱ በሬ አንዱን።

የገጠሩ ነገር ለከተማ ሰው የማይታየው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ዲግሪ ዋጋ ስንጨቃጨቅ ዲግሪን ከሙያ ጋር ነው የምናነጻጽረው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሻላል ወይስ የማኔጅመንት ተመራቂ? ወደ ዳባት ስንወጣ ግን ዲግሪው የሚመዘነው ከመሬት ጋር ነው። ለሌላው ልጅ የሚደርሰው ጥማድ እንዳይጠብ አንዱ ልጅ በወረቀት ወረሰ። አባቱ ያወረሱት ማሳ ሊሆን ሲገባው ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ማሳ ደግሞ ምንም ቢጠብ ያበቅላል።

ልጁ ግቢ የገባው በ2012 ዓ.ም. ነው። የሦስት ዓመቱ ዲግሪ እንደገና አራት ዓመት የሆነበትና የፍሬሽማን ትምህርት የተመለሰበት ዓመት ነበር። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ወደ ቤት ተመለሰ። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ከዳባት ከተማ ብዙ ሳይርቅ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ አባትና እናት ዘመድ ዘንድ ተሰደው ከረሙ። አራት ዓመት የተባለው ትምህርት ስንት ዓመት እንደፈጀ አባትየው በጣታቸው ሊቆጥሩት ሞከሩና ተዉት።

«ግቢ ሳለ ምን ትልኩለት ነበር?» ብዬ እናቱን ጠየቅኳቸው።

«በሶ፣ ድርቆሽ። ብር ሲገኝ ደግሞ ብር። እዚያ ምግቡ ምን ምግብ ነው ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የሚመደበው ለረጅም ዓመታት 15 ብር፣ ከዚያ 22 ብር ነበር፤ ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በ22 ብር ሦስት ጊዜ አበላለሁ ሲል፣ የቀረውን ያሟላው የዳባት በሶ ነው። ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነው የሚባለው አባባል እናቶችን አይቆጥርም።

አባትየው ጠላቸውን አስቀመጡና ወደ ልጃቸው አዩ። «የድሮ ሰዎች የተማረ ይግደለኝ ይሉ ነበር። እኔን ግን የተማረውም አልገደለኝ፣ ያልተቀጠረው ነው የገደለኝ።» ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የመጣው ዝምታ ግን ረዘም ያለ ነበር።

* * *

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ዲግሪ አሁንም ያዋጣል ይላሉ። በተለይ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ካልጨረሰው በእጅጉ የበለጠ ያገኛል የሚለው ግኝት በዓለም ባንክ ጥናቶች ለአሠርት ዓመታት ተደጋግሟል። ስሌቱን አልጠላውም። ነገር ግን ደመወዝ የሚለካው ደመወዝ ካለው ሰው ላይ ነው። በፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠው ልጅ በአማካዩ ውስጥ የለም። በ2010 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ባደረገው የከተማ ሥራ ቅጥር ጥናት ሥራ ካለውና ሥራ ከሚፈልገው የከተማ ነዋሪ 19.1 በመቶው ሥራ አልነበረውም፤ በወጣቶች መካከል ደግሞ ከአራት አንዱ።

ሥራ ላገኘው ሰው ወረቀቱ ምን ይሰጠዋል? ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመንግሥት ሥራ የሚጀምር ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ መጨመሩን ያየ ሰው ግን ጭማሪውን ከገበያ ሲመለስ ነው የሚቆጥረው። ጎንደር ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ለወላጅ ልኮ፣ ለወጪ መጋራት ተቆርጦ፣ በወሩ መጨረሻ ከባጃጅ ነጂው ወንድሙ የሚበደር መምህር አውቃለሁ። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ዲግሪ የለውም ማለት አይደለም፤ አለው፤ ግን አይጠቅሰውም።

ሮናልድ ዶር የተባለ እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1976 እ.ኤ.አ. «የዲፕሎማ በሽታ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ፣ አንድ አገር ዕድገት ዘግይቶ ሲጀምር ጥቂት የሆኑት ደመወዝተኛ ወንበሮች የሚከፋፈሉት በወረቀት ነው፤ ወረቀት ያለው ሲበዛ ትላንት አሥረኛ ክፍል የሚበቃው ቦታ ዛሬ ዲግሪ ይጠየቅበታል፤ ሥራው ግን አልተለወጠም። ከጎንደር ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ የምናነበው ይኸንኑ ነው። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 2 ዓመት ልምድ።» ያው ድሮ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ የምትሠራው መዝገብ ቤት ነው። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቷ እስከ ማታ ትሠራለች። ባንኮችም እንዲሁ ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. አማራ ባንክ ሥራ ሲጀምር ቅርንጫፍ በየከተማው ተከፍቶ ስንት የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ልጅ ተነፈሰ። ነገር ግን የሥራ መደቡ ብዛት የባንክ ፈተና ላይ የሚቀመጠውን ሰው ብዛት ከየት አግኝቶ!

ከዚህ ሁሉ የባሰው ለሥራ ሳይሆን ለመሸሽ የሚሆን ትምህርት ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማ ከሚወርዱ የቀን ሠራተኞች መካከል ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች አሉ። ከመተማ ወደ ሱዳን የሚወስደው የስደት በር ደግሞ ሚያዝያ 2015 ላይ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ተበላሸ። ሲበላሽም የቀረው መንገድ ወደ ቤት ነው።

* * *

ጎንደር ከተማ ከዩኒቨርሲቲው ሌላ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም አላት፤ በዓታ ለማርያም። ከመላ አገሪቱ አቋቋም የተማረ ሁሉ መመስከር የሚፈልገው እዚህ ነው፤ ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በዓታ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እህል እየለመነ አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት የተማረ ሊቅ እዚህ ይመጣል፤ መምህሩ ሲያውቁለት «ምስክር» ይሆናል።

የዚያን ትምህርት ቤት ሥርዓት እንደ ቅዱስ ነገር አንሥቼ የዛሬውን ለመኮነን አልፈልግም። ብዙ ደብተራ ተምሮ ደብር አጥቶ ከአገር አገር ሲንከራተት ኖሯል፤ የተማረ ሥራ ፈት በጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቆሎ ተማሪው ሲነሣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ለቅኔ የሄደ ቅኔ ሊያዘርፍ፣ ለአቋቋም የሄደ ማኅሌት ሊቆም። ምስክርነቱን የሚሰጠው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መምህሩ ያላወቀውን ደብር አያውቀውም። ዩኒቨርሲቲ ግን አንዳንዱን ልጅ «ምን ልትሆን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የማይኖረው የትምህርት ክፍል ውስጥ ያስገባዋል። የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ ላይ አንደኛ የሞላው አልደረሰውም፤ ሰባተኛው ደረሰው። ይኸ የልጁ ጥፋት አይደለም።

* * *

ደባርቅ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ታሪኩ አሳዛኝ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ አንድ የሥራ ዓይነት ፈጠረች፤ ስካውት፣ በቅሎ ነጂ፣ ምግብ አብሳይ፣ ጋይድ። ሥራው በተራ ነው፤ ተራህ ሲደርስ ከእንግዳ ጋር ሳንቃበርን፣ ጊጭን፣ ጭነቅን ትወጣለህ። ጋይዶቹ ዋልያንና ጭላዳን፣ የወፉን ስም፣ የጅብራውን ዕድሜ የተማሩት ሥራው ስለጠየቃቸው ነው። አንዳንዶቹ ቱሪዝም ማኔጅመንት በዲግሪ ተምረው የመጡ ናቸው፤ እነሱም ተራ ይጠብቃሉ።

ከኮሮና ጀምሮ እንግዳው ተቋረጠ፤ የሰሜኑ ጦርነት ሲቆም ትንሽ ብልጭ አለ፤ በ2015 ክረምት እንደገና ጠፋ። ባዶ የሆነ የተራ ደብተር ላይ ስሙን እያሳየኝ አንድ ጋይድ «ተራዬ ደርሷል» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት። መልሱን ሳይሰጠኝ ደብተሩን ዘጋው። ለዲግሪው ሥራ የለም ስንል ሥራ የሚባለውም ሰላም እንደሚፈልግ እንረሳለን። ሙያ ተማሩ የሚለው ምክር ደባርቅ ላይ ሲነገር ትንሽ አፍ ያሲዛል፤ ሙያ ያለው ሰው እዚህ ተቀምጧል።

* * *

አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው በር ራሱ ጠቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለመከላከል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲታይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ካላለፉት የተሻለ ነጥብ ያላቸው በሬሜዲያል ትምህርት እንደገና ይሞክራሉ። ከዩኒቨርሲቲ መውጫውም ጠቧል፤ በ2015 ክረምት በተጀመረው የመውጫ ፈተና ከተፈታኞች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በግል ኮሌጆች ደግሞ ከአምስት አንዱ እንኳ አልደረሰም።

ማጥበቁን አልቃወምም። ምንም ሳይማሩ ወረቀት ማግኘት ማንንም አልጠቀመም። ነገር ግን በሩ የጠበበው ከውጪ ያሉት ሌሎች በሮች ሳይከፈቱ ነው። ከመቶ ዘጠና ምናምኑ «አላለፍክም» ሲባል ወዴት ይሂድ? ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ጎንደርም አላት፤ ደባርቅ አካባቢ ያለ ወላጅ ግን ልጁን ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲልክ እንደ ወደቀ ነው የሚያየው። ያን ዓይን የሰጠው መንግሥት ራሱ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቴክኒክና ሙያ የሚገባው አሥረኛ ክፍል ላይ ያላለፈው ነበርና።

በዳባቱ ቤት ጠላው ሲያልቅ የልጁ ታናሽ እህት ከውጪ ገባች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ተፈጥሮ ሳይንስ። ለፈተና ጎንደር ይሄዳሉ፤ ማደሪያቸው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። እናትየው ከአሁኑ ገብስ መቁላት ጀምረዋል፤ የበሶው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ልጅቷ ደብተሯን አስቀምጣ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንተ በፈተናው ስንት አመጣህ?» አለችው።

«ያን ጊዜ ፈተናው ሌላ ነበር» አላት።

ወደ በረቱ ወጣን። አንድ በሬና አንድ ወይፈን ገብስ ጭድ ይበላሉ። የልጁ አባት የወይፈኑን ጀርባ እየዳሰሱ ቆሙ። ልጅቷ ካለፈች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። ወደ ቤቱ በር ተመልክተው፣ ቀጥለው ወደ ወይፈኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ወይፈኑ ገና ነው። ገና አልተገራም» አሉኝ።